አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ከጆሃንስበርግ ከተመለስኩ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከጸሎት ቤት ስወጣ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ያገኘኝ ሁሉ «እስቲ አውራን» ይለኛል። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስደግም ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ልጽፈው ተቀመጥኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ፊደል ብስት እለፉኝ። እኔ ቸኩዬ አልጽፍም፤ እናንተም ቸኩላችሁ አታንብቡ።

የሄድኩት ለልጄ ለምሕረት ምርቃት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ተምራ ዶክተር ሆነች። ትኬቱን የላከልኝ የወንድሜ ልጅ ታምራት ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሱቅ አለው። ይሄ ለሁሉም የተነገረው ምክንያት ነው። ሌላ ደግሞ ነበር። ባለቤቴ አበበች፣ ሻንጣዬን ስዘጋ ከበሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፤

«ምርቃቷን አይተህ ብቻ እንዳትመጣ። በቃሽ፣ ግቢ በላት። ዶክተር ማለት ሐኪም ከሆነ ትምጣና ጉልበቴን ታክመኝ። ሐኪም ካልሆነም ትምጣና ታስተምር።»

«እሺ» አልኩ። ያቺን እሺ ነው እንግዲህ ከሻንጣዬ በላይ ተሸክሜ የሄድኩት።

ሰኞ

ከዱራሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐምሌ ስለሆነ ዝናቡ ከደጄ ጀምሮ ሸኘኝ፤ እንሰቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሻንጣዬ ቀላል ነበር፤ እሱ ነው ያሳፈረኝ። ሰው ወደ ልጁ ሲሄድ ቂቤ ይይዛል፣ ቆጮ ይይዛል። አበበች ግን አሻፈረኝ አለች። «የእናቷ እጅ ከናፈቃት መጥታ ትብላ» ብላ አንዲት ነገር አላስያዘችኝም። በዕድሜዬ ባዶ እጄን ሰው ቤት ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ አበባ ስደርስ ውርደቱ ቢብስብኝ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ገዛሁ። ያቺን በርበሬ በፎጣ ጠቅልዬ፣ አንድ የአገሬ ሰው ቤት አደርኩ።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ቀበቶውን ማሰር ቢያቅተኝ አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ አሰረልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ስገልጠው ደመናው ከሥሬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀና ብዬ የማየው ደመና፣ ያን ቀን ቁልቁል አየሁት።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ ጋሪ እየገፋች መጣች። የኛው አገር ልጅ ናት።

«አባባ፣ ዶሮ በሩዝ ይሁንልዎ ፓስታ?»

«አይ ልጄ፣ ይቅርብኝ፣ ጠግቤአለሁ» አልኳት።

ጠዋት የቀመስኩት አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። እናንተ ግን ነገሩ ይገባችኋል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ይቅርብኝ» ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። በሦስተኛው «በሞቴ» ስትባል ነው እጅህን የምትታጠበው። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው፣ ቤቱ እሳት አይነድም ወይ ይባላል። ልጅቷ ግን ፈገግ አለችና «እሺ አባባ» ብላ ጋሪዋን ወደ ኋላ ገፋች።

ነጋዴው ዶሮውን እያነሳ፣ «ምነው አባባ፣ አይበሉም እንዴ?» አለኝ።

«ትመለሳለች» አልኩት።

አልተመለሰችም። የዶሮው ሽታ እስከ ጆሃንስበርግ አብሮኝ በረረ። በኋላ ሳስበው ግን አልተቀየምኳትም። ያን ሁሉ ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ልለምን ብትል ለግማሹ ሳታደርስ አውሮፕላኑ ያርፍባት ነበር። ጥፋቱ የኔም የሷም አይደለም። ልማዴን ይዤ ልማዱ ወደማይሠራበት ቦታ ገብቼ ነው።

ምሕረት ከታምራት ጋር የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል አነሳኋት፤ ከስታለች፣ ፊቷን ነፋስ አጥቁሮታል። ታምራት ግን ወፍሯል። ባኪ በሚሏት፣ ኋላዋ ክፍት በሆነች መኪና ጭኖን ሄድን። መንገዱ ሰፊ፣ ለስላሳ፤ ሻይ በእጅህ ብትይዝ ጠብ አይልም። በስተግራ ጫፋቸው የተቆረጠ የሚመስል ቢጫ ኮረብቶች አየሁ።

«ይሄ ተራራ ምነው ዛፍ የለበትም?» አልኩ።

«አጎቴ፣ ተራራ እኮ አይደለም» አለ ታምራት፤ «ወርቅ ሲቆፍሩ የወጣ አፈር ነው።»

የሰው እጅ ያን ያህል አፈር ማውጣቱ ገረመኝ። ከኮረብቶቹ ወዲህ ደግሞ ከተማው ሁሉ ዛፍ ነው። ምሕረት እያንዳንዱ ሰው የተከለው እንደሆነ፣ በፊት ሣር ብቻ እንደነበር ነገረችኝ። እኛ ከተማ ስንሠራ ዛፍ እንቆርጣለን፤ እነሱ ከተማ ሲሠሩ ዛፍ ተከሉ።

የምሕረት ክፍል ሜይፌር በሚባል ሰፈር፣ በወይዘሮ ዘይነባ ግቢ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ የስልጤ ሴት ናቸው፤ እንደ አገር ቤት ቢቆጠር ከኛ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እንኳን ደህና መጡ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያቺን በርበሬ ሰጥቼ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አፍንጫቸው ሥር ከፍተው «ውይ፣ የአገሬ ፀሐይ!» አሉ። እፍረቴን በአንድ ቃል አጠቡልኝ።

ገበታ ላይ ግን ሐሳብ ገባኝ። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋው የማን ነው? ሳልጠይቅ ገባቸው።

«ዶሮውን ያረደው ታምራት ነው፤ ድስቱም ለብቻው ነው። ያለሐሳብ ይብሉ።»

እሳቸው ዳቦና ሻይ ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። ባይበሉም ሊያበሉኝ ነው።

«ይቅርብኝ፣ አውሮፕላን ላይ በልቻለሁ» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ምላሴ ለምዷል።

«ምን ይበላል አውሮፕላን ላይ! ይብሉ እንጂ!»

«ኧረ ጠግቤአለሁ።»

«በሞቴ! በልጆቼ ሞት!»

እፎይ አልኩ። እጄን ታጠብኩ። ያን ቀን እንደበላሁት በሠርጌም አልበላሁም።

ረቡዕ

በጠዋት ወጥቼ ግቢውን ሳይ ደነገጥኩ። ሣሩ ነጭ ነው። ውርጭ! አፍሪካ ነው ብዬ የመጣሁት አገር፣ በሐምሌ ውርጭ መትቶት አደረ። የኛ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ የነሱ ሐምሌ ደረቅ ብርድ ነው። ፀሐዩ ያለስስት ይወጣል፣ ጥላው ግን አጥንት ይሰብራል። ቤቱ ውስጥ እሳት የለም፤ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሻይ ይጠጣል።

ምሕረት ከክፍሏ አራት ዘንግ ይዛ ወጣች። ገጣጥማ ካሬ ሠራችው፤ ጎኑ አንድ ሜትር ይሆናል። ከሣሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ሥራሽ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው። ካሬው ውስጥ ያለውን ተክል በየዓይነቱ እቆጥራለሁ፣ ቁመቱን እለካለሁ፣ በዓመቱ እዚያው ቦታ ተመልሼ እንደገና እቆጥራለሁ። አራት ዓመት ድራከንስበርግ ተራራ ላይ ይሄንን ነው ያደረግሁት።»

«ሣር ቆጥረሽ ዶክተር ሆንሽ?»

«ሣር ቆጥሬ ዶክተር ሆንኩ» አለችና ሳቀች።

ተንበርክኬ አብሬያት ቆጠርኩ። ሳይቆጥሩት ሁሉም ሣር ነው፤ ሲቆጥሩት ለካ ሰባት ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ነው ስለ ሌላው ነገር የነገረችኝ። ትምህርቱ ሲያልቅ የሚከፍላት ቆሟል፤ የመኖሪያ ወረቀቷም በዓመቱ መጨረሻ ያበቃል። ሰው ዶክተር ከሆነ በኋላ በሌላ ትልቅ ተመራማሪ ሥር ሆኖ ሁለት ሦስት ዓመት የሚሠራው ሥራ አለ፤ ፖስትዶክ ይሉታል። እኔ እንደገባኝ፣ ወንጌላዊ ተመርቆ ሲወጣ ብቻውን አጥቢያ ሳይሰጠው ከአንድ ሽማግሌ አገልጋይ ጎን እንደሚመደበው ነው። አምስት ቦታ አመልክታ ነበር። ሁለቱ አይሆንም አሏት፤ ሁለቱ ዝም አሏት። የቀረው አንዱ ዓርብ ዕለት በኮምፒውተር ሊያነጋግራት ቀጠሮ ሰጥቷል።

«የት ነው?»

«ኖርዌይ፣ ላይኛው ጫፍ። ቱንድራ የሚባል ምድር ነው። ዛፍ የለውም፤ ተክሉ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ ከአፈሩ ሥር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። አሁን ግን ብርዱ እየላላ ቁጥቋጦው እያደገ፣ ወዳልነበረበት እየወጣ ነው። ምን ያህል እንደወጣና ሣሩን ምን እንዳደረገው የሚለካ ሰው ይፈልጋሉ።»

ውርጩን አየሁ። ከዚያ እንዲህ አልኳት፤ «አያትሽ ሐምበሪቾ ተራራ ሥር፣ ከላይ በኩል መሬት ነበራቸው። ገብስና ባቄላ እንጂ እንሰት አያበቅልም ነበር፤ በኅዳር ውርጭ ይመታውና ቅጠሉ በእሳት እንደተለበለበ ይሆናል። አሁን እዚያው ቦታ ያጎትሽ ልጆች እንሰት ተክለው ይበላሉ። ውርጩ ወደ ላይ ሸሸ። አስታ የምንለው የተራራ ቁጥቋጦም ከሙቀቱ ፊት እየሸሸ ነው፤ ተራራው ሲያልቅበት ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።»

እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈችው። እኔ የተናገርኩትን! «አባዬ፣ ድገምልኝ፤ ስንት ዓመት ይሆነዋል?» አለች። እኔም እንደ ምስክር ቀስ ብዬ ደገምኩላት። የአበበችን መልእክት ያን ጊዜ ልናገር ነበር። እጇ ሲጽፍ አይቼ ተውኩት።

ሐሙስ

ምርቃቱ ነበር። ቀይ ካባ አለበሷት። ስሟ ሲጠራ ወይዘሮ ዘይነባ እልል አሉ። ከኛ በስተኋላ የነበሩ የዙሉ እናቶችም እልል አሉ፤ ለማያውቋት ልጅ! እልልታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ካባዋን ዳሰስኩ። አንዲት የዙሉ አሮጊት «ምኩሉ» ብለው እጄን ጨበጡኝ፤ አያት ማለት ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ስሜ ምኩሉ ሆነ።

ዓርብ

ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ ከበሩ ውጪ ወንበር አውጥተው እንደ ዘበኛ ተቀመጡ፤ የጎረቤቱን ሙዚቃ ሄደው አስቀነሱ። ምሕረት እኔን ከአልጋው ጥግ፣ ኮምፒውተሩ ከማያሳየኝ ቦታ አስቀመጠችኝ። «ውጣ ብትዪኝ እኮ እወጣለሁ» አልኳት። «ኧረ አባዬ! አንተን ከክፍሌ ላስወጣ?» አለች። ብታስወጣኝ ይሻል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅንም።

ሦስት ፈረንጆች ብቅ አሉ። መካከል ያለው ሽበታም ነው፣ ደግ ፊት አለው። እንግሊዝኛ አልሰማም፤ ስለዚህ የልጄን እጅ ነው የማየው። መጀመሪያ እጇ ያወራ ነበር፤ ካሬ ይሠራል፣ ተራራ ይሠራል። ወደ መጨረሻው ሽበታሙ ሰው አንድ ነገር ጠየቃት። ወደኔ በዓይኗ ጥግ አየት አደረገች። ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አንገቷን ደፋች። ሁለተኛ ጠየቃት። አሁንም እጅ ደረት ላይ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ጋሪ ከሚገፋ ሰው ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

ሲያልቅ «ምን ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ደህና ነበር። ጨዋ ሰዎች ናቸው። በበጋ ስድስት ሰው ይዘሽ ወጥተሽ ቡድኑን መምራት ትችያለሽ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ከኔ የተሻለ አይጠፋም፤ እሱ ይምራ፣ እኔ ዕቃ ብሸከምም ደስ ይለኛል አልኩ።»

«ድራከንስበርግ ላይ ማን ነበር የሚመራው?»

«እኔ ነኛ።»

«ከዚያስ?»

«ቦታውን ብንሰጥሽ ትፈልጊዋለሽ ወይ አሉኝ። በኔ ምክንያት አትቸገሩ፣ ይበልጥ የሚገባው ካለ ለሱ ስጡት አልኳቸው።»

ልጄን በደንብ አሳድጌአታለሁ። እንዲህ ብላ የመለሰችው ለሽማግሌዎቻችን ቢሆን ኖሮ፣ የማን ልጅ ናት ተብሎ እኔም በተመሰገንኩ ነበር።

ቅዳሜ

በጠዋት ደብዳቤ በስልኳ መጣ። አነበበችና ስልኩን ፊቱን ደፍታ አስቀመጠችው። ስለ ጊዜሽ እናመሰግናለን፣ ማመንታትሽን ተረድተናል፣ ሌሎችንም እያየን ነው፣ በሳምንቱ አጋማሽ እንወስናለን ይላል አለችኝ።

«አልወደዱኝም፤ በጨዋ ቋንቋ ነው የሸኙኝ» አለች። ከዚያ ካሬውን ነቃቅላ ዘንጎቹን በጨርቅ ጠቀለለችና ከአልጋው ሥር አስገባችው።

እኔ ለምን እንደሆነ አውቄአለሁ። ተናገር ተናገር አለኝ ልቤ። ሌላው ልቤ ደግሞ ዝም በል አለኝ፤ «የአበበች ጸሎት ተሰማ፣ ልጅቷ ወደ ቤት ልትመጣ ነው፤ አንተ አንዲት ቃል ሳታወጣ መልእክቱ ደረሰ።» እኔ እርጅናዬን አውቀዋለሁ። ኖርዌይ ላይኛው ጫፍ ከሄደች እንደገና የማያት አልመሰለኝም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሜይፌርን ዞርኩ፤ በየሱቁ የሶማሌ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቴምር፤ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ሰላም ሲሉኝ ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። የሰው አገር ሰው ሁሉ መልካም ሆኖልኝ፣ እኔ በገዛ ልጄ ላይ ክፉ የሆንኩ መሰለኝ።

እሑድ

ታምራት ሱቁን እንዳይ ጓጉቶ ስለነበር በጠዋት መጥቶ ወሰደን። ሱቁ ያለበት ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ሩቅ ነው፤ ከተማው ካለቀ በኋላ ገና ብዙ ይኬዳል። የአገራችን ሰዎች በሚያመልኩበት አዳራሽ አብረን ጸለይን። በከምባትኛ ሲዘምሩ ዱራሜ ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄድን። የታምራት ሱቅ ከዳር እስከ ዳር በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ገበያተኛው ከውጭ በትንሽ መስኮት ይገዛል። ልጁ ውስጥ ሆኖ እንደ ታሠረ ሰው ይታያል። እሱ ግን እየሳቀ በዙሉኛ ይቀልዳል።

«ሳውቦና፣ ጎጎ!» ይላል ለአንዲት አሮጊት፤ ሰላም እማማ ማለቱ ነው። እሷም ሳታቅማማ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሳሙና ትላለች፤ ትቀበላለች፣ ትሄዳለች።

ምሳ ስንበላ ታምራት ምሕረትን ያሾፍባት ጀመር። «ዶክተር፣ ኖርዌይ እምቢ ካለሽ የኔን ሱቅ ጀርባ ቁጠሪልኝ፤ ሣር በሽ ነው!»

«ቺፕስ ቆጣሪ!» አለችው።

«ቺፕስ ቆጥሬ ነው እኮ አጎቴን ያመጣሁት!»

ሳቅን። የሷ ሳቅ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ታምራት ሱቁን ትቶ መሄድ ስላልቻለ የተመለስነው በታክሲ ነው። ታክሲ የሚሉት የኛን ሚኒባስ ነው፤ ነገር ግን ረዳት የለውም። ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት በሰው እጅ ይተላለፋል፤ መልሱም እንዲሁ ይመለሳል፤ አንድም አይጎድልም። አደነቅሁ። ወራጅ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅህም የለም። ካልጮህክ ያሳልፍሃል። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በለሆሳስ ሲናገሩ ሹፌሩ አልሰማቸው፤ ሦስት መንታ መንገድ አሳልፏቸው በእግራቸው ተመለሱ።

የኛ መውረጃ ሲቀርብ ምሕረት ከመጨረሻው ወንበር ብድግ ብላ «አፍተር ሮቦት!» ብላ ጮኸች። ሮቦት የትራፊክ መብራቱ ነው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም። ሹፌሩ መብራቱን እንዳለፈ ቀጥ አደረገልን።

ወርደን ቆምን። ምሕረት ስትራመድ እኔ ባለሁበት ቀረሁ።

«አባዬ፣ አመመህ?»

«ምሕረት፣ ለሹፌሩ እንዲህ የምትጮኺ ልጅ፣ ዓርብ ለት ምን ነካሽ?»

«ያ እኮ ሹፌር ነው…»

«ስሚኝ። አውሮፕላን ላይ ምግብ ሲያቀርቡልኝ ይቅርብኝ አልኩ። እንድትለምነኝ ነበር። ልጅቷ እሺ ብላ ሄደች፤ ጦሜን ደረስኩ። ያ ሽበታም ሰውዬ የሳቀው እንደሷ ነው። አልጠላሽም። አልፈልግም ስትዪው አመነሽ እንጂ። እዚያ አገር የሚጠይቁት አንዴ ነው።»

ታክሲዎቹ እየጮኹ ያልፋሉ። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«አውቄው ነበር እኮ፣ አባዬ። ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር፣ ከአለቃዬ ጋር እንዲህ አይደለሁም። አንተ ጥግ ተቀምጠህ እያየኸኝ፣ ‹እኔ እበልጣለሁ፣ ለኔ ይገባኛል› ልበል? አፌ እምቢ አለኝ።»

ይሄ ነው የከበደኝ። ልጄን ጦም ያሳደራት የኔ ዓይን ኖሯል።

«እንግዲያስ አሁንም እያየሁሽ ተናገሪ» አልኳት። «ልጄ ራሷን ብታመሰግን አላፍርም። እውነት ከሆነ ምስጋና አይደለም፤ ምስክርነት ነው።»

«አንዴ ያልኩትን መለወጥ ነውር አይሆንም?»

«በጦም መሄድ ነው ነውሩ።»

ቤት ስንደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች። እኔ ከጥግ ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስትጨርስ «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አልኩ።

«ሥራውን እፈልገዋለሁ አልኩ። ቡድን መምራት እችላለሁ፣ አራት ዓመት መርቻለሁ አልኩ። ዓርብ ዕለት የተናገርኩት በአገሬ ጨዋነት እንደሆነ፣ እምቢ ማለቴ እንዳልሆነ ነገርኳቸው።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ» አለች።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ መልስ አልመጣም። ወይዘሮ ዘይነባ ለራሳቸው ጸሎት ሲሄዱ «እኔም በበኩሌ እለምንልሻለሁ» አሏት፤ እኔም በበኩሌ ለመንኩ። እግዜር አንድ ነው፣ ከየትኛው በር እንደሰማ እሱ ያውቃል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እኔ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ከክፍሏ ውስጥ እልልታ ሰማሁ። የወይዘሮ ዘይነባ ነው። ምሕረት ስልኩን ይዛ ወጣችና አነበበችልኝ። ሽበታሙ ሰው የማትፈልገው መስሎት ቦታውን ለሌላ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ደብዳቤዋ እንደደረሰው፣ ስለጻፈች ደስ እንዳለው፣ ቦታው የሷ እንደሆነ ጽፏል። ሁለት ዓመት ነው። በመጨረሻም፣ ስለ እንሰቱና ስለ ውርጩ የጻፍሽልንን አንብበናል፣ አባትሽን ሰላም በይልን ይላል። እሷ እሱንም ጨምራ ልካዋለች ለካ።

ያን ጊዜ የአበበችን መልእክት አውጥቼ ነገርኳት። አንድም ቃል ሳላስቀር።

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?» አለችኝ፤ «ዝም ብትል እኮ ወደ ቤት እመጣ ነበር።»

«ካሬውን ከአልጋ ሥር ስታስገቢው አየሁ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ ያን ጊዜ አላነሳኋትም።

ረቡዕ

ስመለስ ወይዘሮ ዘይነባ ለአበበች ሻርፕ ላኩላት፤ ታምራት ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ብስኩት ጫነብኝ። ባዶ እጄን ሄጄ ተሸክሜ ተመለስኩ። አውሮፕላኑ ላይ ጋሪው ሲመጣ ገና ሳትጠይቀኝ «ዶሮ! ሻይም!» አልኩ። ልጅቷ ሳቀች፤ ዳቦ ጨመረችልኝ።

ዱራሜ በማግሥቱ ደረስኩ። ዝናቡ ትቼው በሄድኩበት ነው። አበበች ቆጮ በአይብ አቀረበች።

«ብላ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩና ቆረስኩ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆነሃል? ሳትለመን ትበላ ጀመር?»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የዓርቡን፣ የታክሲውን፣ መብራቱ ሥር የቆምንበትን። መልእክቷን ያደረስኩት ነገሩ ካለቀ በኋላ እንደሆነም አልደበቅሁም። ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለት ቀን አስፈላጊ ነገር ብቻ አናገረችኝ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከጓሮ እንሰት ሲፋቅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ለበዓል ያስቀመጠችውን እንሰት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጥላዋለች። ጭማቂው በጎድጓዳ ዕቃ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ቡላ ልታደርቅ ነው።

«ለማን ነው?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

እጇን ከቡላው ሳታወጣ፣ «እዚያ በረዶ አገር ምን ይበላል? ምንም!» አለች። ቀጥላም «ብዙ ትወስዳለች ወይስ ይቅርብኝ ትል ይሆን? በስልክ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ደወልኩ። ጠየቅኋት። አንዴ ነው የጠየቅኋት።

«እፈልጋለሁ፣ ብዙ!» አለች ምሕረት። ድምፁ ጓሮ ድረስ ተሰማ።